ከኮሶው ዛፍ ሥር ያለው በረንዳ

ኬንያ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለጌጤነሽ፣

አካም ጅርታ? የሰላም አምላክ ደጅሽን ይጠብቅ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። የአምቦን ሰው ሁሉ፣ የተጣላሁትንም ጭምር፣ ሰላም በይልኝ። እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። ጤና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬአለሁ።

ካልጻፍኩልሽ ስድስት ወር ሆነኝ። የረሳሁሽ እንዳይመስልሽ፤ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም። የምሠራበት ሎጅ እየታደሰ ነው። ሎጅ ማለት አንበሳና ዝሆን በሚውሉበት ፓርክ መሀል የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ድሮ የሣር ጎጆዎች ነበሩ። ሽንት ቤቱ ውጭ ነበር፤ እንግዳው ባትሪ ይዞ ይወጣና ጅብ ሲያይ ይጮሃል፣ እኛ ደግሞ ዱላ ይዘን እንሮጣለን። አሁን ያ ሁሉ ቀረ። በጎጆዎቹ ፋንታ ሃያ ድንኳን ተከልን። ድንኳን ስልሽ የለቅሶ ድንኳን እንዳይመስልሽ! ወለሉ ጣውላ ነው፣ አልጋና ሻወር አለው፣ ውሃው በፀሐይ ይሞቃል። በረንዳው ዝሆኖቹ ውሃ የሚጠጡበትን ኩሬ ፊት ለፊት ያያል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ላጫውትሽ። ለስድስተኛው ድንኳን ስንቆፍር አንድ የአካባቢው ሽማግሌ በትሩን ይዞ መጣና "እዚህ አባቴ ተቀብሯል" አለን። ድንጋይ የለ፣ ምልክት የለ፣ ሣር ብቻ! አለቆቼ ደነገጡ። እኔ ግን "ተዉት፣ እነዚህ ሽማግሌዎች የትም ብትቆፍሩ መቃብር አያጡም፤ በግ ፈልጎ ነው" አልኳቸው። በግ ተገዝቶ ታረደ። ሽማግሌው ሳይበላ ሄደ፤ እኛ በልተን ሥራችንን ቀጠልን። በሳምንቱ ፎርማን አደረጉኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ፈረንጁ ባሕር አቋርጦ የጭቃ ኩሬ ሊያይ እዚህ ድረስ ይመጣል። እኛ የወንጪን ሐይቅ ከነደሴቱ ይዘን ተኝተናል። የእናቴ ደጅ፣ ያ ኮሶው ዛፍ ያለበት አፋፍ፣ ከዚያ የተሻለ ቦታ አገሩን ብትዞሪ አታገኚም። ማረፊያ እሠራበታለሁ። ይህን የስደተኛ ወረቀት ጥዬ የምመለስበት ሌላ መንገድ የለኝም፤ እናቴም አጠገቤ ሆና ታረጃለች። እባክሽ ሄደሽ ጠይቂያት፤ ለአንቺም አክስትሽ ናት። ከኮሶው ሥር አቁመሽ ፎቶ አስነሺልኝ።

ወንድምሽ ኢዶሳ


አምቦ፣ ኅዳር 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢዶሳ፣

ከአውሬ አፍ ጠብቆ ለደብዳቤ ያበቃህ ጌታ ስሙ ይባረክ። እኛ ደህና ነን። ልጆቼ አያንቱና ፊራኦል "አጎታችን አንበሳ ይጠብቃል" እያሉ ትምህርት ቤት ያወራሉ። ጣውላ ነው የሚመታው ብዬ አላዋረድኩህም።

ፎርማን! እንግዲህ ማን ይቻልሃል! በልጅነትህ የሠራኸው የዶሮ ቤት ከነዶሮዎቹ የተደረመሰ ዕለት አብሬህ ነበርኩ፤ ለፈረንጆቹ ግን አልነግርብህም። እኔ ያው የዞኑ አስተዳደር መዝገብ ቤት ነኝ። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በእኔ እጅ ገብቶ በእኔ እጅ ይወጣል። ማኅተም ስመታ ስለምውል ጣቴ ሐምራዊ ሆኖ ቀርቷል።

የማረፊያው ሐሳብ መልካም ነው፤ ግን አትቸኩል። መንገዱ ክረምት ላይ መኪና አያስወጣም፤ የእንግዳ ሻንጣ በፈረስ ሊጫን ነው። ፎቶ አንሺውም ወንጪ ድረስ አልወጣም አለኝ። አጎትህ ጋሽ ተሬፋ ሰላም ብለውሃል። ስለ እናትህ አታስብ፣ በጌታ እጅ ናት።

እህትህ ጌጤነሽ


አምቦ፣ ኅዳር 21 ቀን 1990 ዓ.ም. (ያልተላከ)

ኢዶሳ፣

ይህን ፖስታ ቤት አልወስደውም። ትናንት የጻፍኩልህ ውሸት ነው፤ እውነቱን ለወረቀትም ቢሆን ካልነገርኩ እታመማለሁ።

እናትህ መስከረም 9 ቀን ሞታለች። ያን የሳቅ ደብዳቤህን ስትጽፍ ሃያ አራተኛ ቀኗ ነበር። ሳንባዋን ነው ያመማት፤ አራት ቀን ብቻ ተኛች። "ኢዶሳ በልቷል ወይ?" ትለኝ ነበር። አባትህ ባረፉበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንድናሳርፋት ለመንን። ጴንጤ ሆናለች፣ ደንባችን አይፈቅድም አሉን። በገዛ ደጇ፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ቀበርናት። ድንጋዩን ጎረቤቷ ዱረቲና እኔ ተሸክመን ዙሪያዋን ከበብን። አንተ በረንዳ እሠራበታለሁ የምትለው እዚያው ላይ ነው!

ጋሽ ተሬፋ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ቁርጥ አደረጉት፤ መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ልጁ ብቻውን ነው፣ የሚያቅፈው ሰው የለው፣ ቤቱን ዘግቶ ራሱን ቢጎዳስ? ናይሮቢ የሚሄድ የታመነ ሰው እስኪገኝ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል ብለው ሁላችንንም ቃል አስገቡን። "እኔ ልጻፍለት፣ እኔን ያውቀኛል" ብል "ደግሞ አንቺ ብሎ መርዶ ነጋሪ!" ብለው አፌን አስያዙኝ። ሽማግሌ ነዋ፤ ምን እላለሁ? ማል ጎና!

ይህችን ወረቀት ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጣታለሁ።


ኬንያ፣ የካቲት 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጌጤነሽ፣

ሰላምና ጤና ለቤትሽ ይሁን። ደስ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ።

አምቦ ሲሚንቶና ጣውላ የሚነግደውን ኦቦ ፉፋን ታውቂዋለሽ አይደል? ለመኪናው ዕቃ ሊገዛ ናይሮቢ መጥቶ ተገናኘን። ሎጁን ላሳየው ይዤው መጣሁ፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ዝሆን ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ። በአንድ ቃል ተስማማን። ወጪው ከእሱ፣ ቦታውና ሙያው ከእኔ። እናቴን አይተሃታል ወይ ብለው "ወንጪ ብዙ አልወጣም" አለኝ። የአፋፉ ብርድ እንዳይጎዳት ቀይ የሱፍ ብርድ ልብስ በእሱ እጅ ልኬላታለሁ። ራስሽ ወስደሽ አልብሻት።

ንድፉን በዚህ ፖስታ አድርጌዋለሁ። አምስት ክፍል፤ ሽንት ቤትና ሻወር ለየራሱ። ምግብ ቤቱ ከኮሶው ሥር ሆኖ በረንዳው ወደ ደሴቱ ያያል። ከበረንዳው ቀጥሎ ያለው ክፍል የእናቴ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ያን ዳገት እንጨት ተሸክማ ስትወጣ ኖራለች፤ እንግዲህ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሌላው ሲወጣ ትይ!

አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሻለሁ። መጋቢት 20 ቀን ጠዋት በአራት ሰዓት አምቦ ቴሌ እደውላለሁ። እንደ ምንም ብለሽ እናቴን ይዘሽልኝ ነይ። ስድስት ዓመት ድምፅዋን አልሰማሁም። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህችን አታስቀሪብኝ።

ኢዶሳ


አምቦ፣ መጋቢት 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ወንድሜ ኢዶሳ፣

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። ከትናንት ወዲያ በስልክ እንደነገርኩህ እናትህን ማምጣት አልቻልኩም። የወንጪ ዝናብ ቀድሞ ገብቶ መንገዱ ተበላሽቷል። ድምፄ የተቆራረጠብህ መስመሩ ነው፤ አላለቀስኩም። የሚያስለቅስ ነገር ምን አለ?

ብርድ ልብሱን ፉፋ አምጥቶልኛል። ቀይ ነው፣ ያምራል።

ንድፉን አይቼዋለሁ፤ እጅህ ይባረክ። ግን ኢዶሳ፣ ከኮሶው ሥር አይሁን። እዚያ ነፋሱ ይበረታል። ሥሩም መሠረት ያነሳል ይላሉ። ዝቅ ብሎ የፈረስ መንገዱ አጠገብ ያለው የገብስ ማሳ ሜዳ ነው፤ ሐይቁም ይታያል። እዚያ አድርገው። እህትህ ስለምንህ እሺ በለኝ።

ጌጤነሽ


ኬንያ፣ ግንቦት 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጌጤነሽ፣

ሰላም ነሽ? እኔ ሰላም አይደለሁም።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለ መሠረትና ስለ ሥር የሚያስተምረኝ ከመቼ ወዲህ ነው? ከገብስ ማሳው ሐይቁ የሚታየው ግማሹ ነው። እንግዳ ለግማሽ ሐይቅ አይመጣም! ማረፊያ ማለት እንግዳው ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው ነገር ማለት ነው። እኔ ይህን ላቤን አንጠፍጥፌ ነው የተማርኩት።

ብርድ ልብሱ ያምራል አልሽኝ። እናቴስ ምን አለች? አንድ ቃል የላትም? ድሮ አጠገብሽ ቁጭ ብላ "ብላ፣ ከሰው አትጣላ፣ እግርህን አታርጥብ" እያለች ታስጽፍልኝ ነበር። ፎቶ የለም፣ ስልክ የለም፣ ቃል የለም። ምንድነው የምትደብቁኝ? አውቄዋለሁ። ልጅ የሌላት አሮጊት አድርጋችሁ ቆጥራችኋታል፤ አፋፉን ለፊራኦል አስበሽዋል። ከፉፋ ጋር የተስማማሁ ጊዜ ነው ነፋሱ የበረታብሽ!

እንግዲህ ተይው። ለመሥሪያ ቤታችሁ ኃላፊ ራሴ ጽፌአለሁ። በእናቴና በራሴ ስም ቦታውን ለማረፊያው ፈቅጄ፣ ፈርሜ፣ በፉፋ በኩል ልኬዋለሁ። ካንቺ የሚጠበቀው ማኅተም መምታት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ትችይበታለሽ።

ኢዶሳ


አምቦ፣ ሰኔ 17 ቀን 1990 ዓ.ም.

ኢዶሳ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ስድቡን ዋጥኩት። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለኝ፣ ዓይኑን አላይም ነበር።

ስለ እግዚአብሔር ብለህ አንድ ነገር ስማኝ። የኛ ፓስተር ወሰኑ በጥቅምት ለስብሰባ ናይሮቢ ይመጣል። አንተ ጋ ድረስ ይመጣል፤ የሚነግርህ ነገር አለው። እሱ እስኪደርስ ከኮሶው ሥር አንዲት ድንጋይ እንዳትነሣ ለፉፋ ጻፍለት። አራት ወር ነው፤ ስድስት ዓመት ጠብቀህ አራት ወር አያቅትህም። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፤ አፌ ታስሯል። መሬቱን ብፈልግ ኖሮ እንዲህ አልለምንህም።

ጌጤነሽ


አምቦ፣ ኅዳር 28 ቀን 1991 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ፓስተር ወሰኑ ተመልሶ ነገረኝ። ጎህ ሳይቀድ ከሁለት የአገር ልጆች ጋር በርህን ሲያንኳኳ፣ ገና ሳያዩህ "እናቴ ናት አይደል?" አልክ አሉ። ሌላውንም ለመናገር አፉ አልታዘዘለትም፤ እኔ እንድጽፍልህ ተመካከርን። ሽማግሌዎቹም ዛሬ አልከለከሉኝም። መርዶው ነው እንጂ የከፋው ነገር በወረቀት መሄድ ይችላል ማለት ነው!

በሰኔ፣ ያን የመጨረሻ ደብዳቤዬን ልኬልህ ሳበቃ፣ ፉፋ አንድ የታሸገ ፖስታ አመጣ። "ለኃላፊው በግል" ይላል። እጅ ጽሕፈትህን በሩቁ ለየሁት። መቅደድ እችል ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ መክተት እችል ነበር። ማኅተም መታሁበትና አሳለፍኩት። ለምን መሰለህ? ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ስድስት ወር ይተኛል፤ የአንድ መምህር የዝውውር ጥያቄ ዓመት ከመንፈቅ ተኝቶ አይቻለሁ። ይህም ይተኛል፣ እስከዚያ ፓስተሩ ይደርሳል ብዬ ተማመንኩ። ፉፋ የያዘው ወረቀት እንደማይተኛ አላሰብኩም። በአምስተኛው ቀን ተፈርሞ ወጣ።

ክረምቱ እስኪያልፍ ዝም አሉ። እኔም ተረሳ ብዬ ተኛሁ። በመስከረም መጨረሻ፣ ቅዳሜ፣ ዱረቲ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ እያለቀሰች ከወንጪ መጣች። ፉፋ የአካባቢው ሰው መቃብር አልነካም ቢለው ከእንጭኒ የቀን ሠራተኛ አምጥቶ ነበር። ሰዎቹ ምን ያውቃሉ? ተቆልሎ የተገኘ ድንጋይ ሲያዩ ደስ አላቸው። ዱረቲና እኔ የተሸከምነውን ድንጋይ ሁሉ ለመሠረቱ ገጠገጡት። እኔ ስደርስ ሊሾው ሐሙስ ፈስሶ ደርቋል። ከኮሶው ግንድ እስከ አፋፉ ድረስ ወለል ያለ ሲሚንቶ ነው።

ፉፋን በኮቱ ያዝኩት። "መቃብር እንደሆነ ታውቃለህ! ቀብሯ ላይ ቆመህ አልነበረም ወይ? ለሞተች ሴት ብርድ ልብስ ተሸክመህ አልመጣህም ወይ?" አልኩት። እሱ እጄን ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ። "እኔ መርዶ ነጋሪ ነኝ እንዴ? ሽማግሌ ዝም በሉ አለ፣ ዝም አልኩ" አለ። ቀጥሎ ከኪሱ የደብዳቤህን ግልባጭ አወጣና በሰው ፊት አነበበልኝ። እንዲህ ይላል፤ "ምናልባት ዘመድ ነኝ የሚል ሰው መጥቶ እዚህ መቃብር አለ ሊላችሁ ይችላል። በየአገሩ ያለ ነገር ነው። በግ ገዝታችሁ አብሉትና ሥራችሁን ቀጥሉ።"

በጉም፣ ኢዶሳ፣ ከኮሶው ግንድ ጋር ታስሮ ቆሞ ነበር። ፉፋ ያልከውን አንዱንም አላጓደለም።

ባለፈው ዓመት ጽፌ ያልላክሁትን ወረቀት በዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ብርድ ልብሱ ከነላስቲኩ ሣጥኔ ውስጥ ነው። የሽማግሌዎቹን ቃል ብጥስ ኖሮ፣ ማኅተሙን ባልመታ ኖሮ እያልኩ ራሴን እበላለሁ። አንተንም ይቅር አላልኩህም፤ ለፊራኦል አስበሽዋል ያልከኝ አሁንም ያንገበግበኛል። ግን ጻፍልኝ።

ጌጤነሽ


ኬንያ፣ ሰኔ 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

ጌጤ፣

ስድስት ወር ዝም ያልኩት የምጽፈው አጥቼ ነው። መጀመሪያ አንቺን ልሰድብ ሦስት ጊዜ ብዕር አነሣሁ። ቀጥሎ ጋሽ ተሬፋን፣ ቀጥሎ ፉፋን። ስድቡ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ያችን ስለ በግ የጻፍኳትን መስመር ሲደርስ ያልቃል። የሰኔ ልመናሽም በጊዜው ደርሶኝ ነበር። አንብቤ ሳቅሁ። ይህንንም እወቂው።

ዓመት ሙሉ እናቴ የምትቀመጥበትን ወንበር ስነድፍ ነበር። እጄ ይቆረጥ! ምነው ያኔ ነግራችሁኝ ብሞት!

ፎርማንነቱን ትቻለሁ፤ ተራ አናጢ ነኝ። ባለፈው ወር ያን ሽማግሌ ፈልጌ ሄድኩ። ስሙን የጠየቅኩት ያን ቀን ነው። ባዶ እጄን መሄድ አፍሬ በግ ይዤለት ሄድኩ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? በጉን አየና "ያኛውንም አልበላሁም" አለኝ። ስለ እናቴ ነገርኩት። ከዚያ ተነሥቶ እስከ ፓርኩ አጥር ድረስ ወሰደኝ። ዘበኛው ስለማያስገባው ዝናብ በገባ ቁጥር እዚያ ውጭ ይቆማል። በበትሩ አሳየኝ። አባቱ ያለው ከስድስተኛው ድንኳን ሻወር ሥር ነው። ጣውላውን የመታሁት በዚህ በገዛ እጄ ነው። "ቦታውን ስለማውቀው ፊቴን ወዴት እንደማዞር አውቃለሁ። አንተስ?" አለኝ።

ፉፋ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ማረፊያው በመስከረም ይመረቃል አሉ፤ ለእኔ አንድ ክፍል በነፃ እንደሚሰጠኝ ምሎ ጽፏል። እናቴ ትተኛበታለች ያልኩት ክፍል ነው።

ጌጤ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። ፎቶም አትላኪልኝ። አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሻለሁ። ሲመረቅ እንደ እንግዳ ግቢ፤ ከከለከሉሽ ምሳ ልበላ ነው በያቸው። ከኮሶው ግንድ ተነሥተሽ እርምጃሽን ቁጠሪና በረንዳው ላይ እናቴ ከየትኛው ጠረጴዛ ሥር እንደሆነች ጻፊልኝ።

ኢዶሳ